የውስኪ አመጽ፦ ግብር አንከፍልም ያሉ ገበሬዎችና ገና ጨቅላ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

አሜሪካ የሚማሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት ከሚመጡት የታሪክ ርዕስ አንዱ ይህ ነው። ወላጅ «ውስኪና መንግሥት ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይስቃል፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ወደ መጨረሻው ስለ ጎጃም ገበሬዎች አመጽ ከተጠቀሰው በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ ምን ተፈጠረ?

በ1791 የአሜሪካ ኮንግረስ አገር ውስጥ በሚወጣ አረቄ ላይ የኤክሳይዝ ግብር ጣለ። ከአሌጌኒ ተራሮች ማዶ፣ በተለይ በምዕራብ ፔንሲልቬንያ የሚኖሩ ገበሬዎች አንከፍልም አሉ። ነገሩ ሦስት ዓመት በአቤቱታ፣ በዛቻና በድብደባ ሲንከባለል ቆይቶ በጁላይ 1794 ተኩስ ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሻ አስከተተ። ጦሩ ሲደርስ የሚገጥመው ሰው አላገኘም።

መንግሥት ከሁሉ ነገር ውስኪን ለምን መረጠ?

ዕዳ ስለነበረበት። የነጻነት ጦርነቱ የተካሄደው በብድር ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን የፌዴራሉ ዕዳ ሳያንስ፣ ክፍለ ግዛቶቹ ለጦርነቱ የተበደሩትን ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕዳም ማዕከላዊው መንግሥት እንዲረከብ አደረገ። ስሌቱ የፖለቲካ ነበር፤ አበዳሪዎቹ ሀብታሞች ናቸው፣ ገንዘባቸውን ከማዕከል የሚጠብቁ ከሆነ ማዕከሉ እንዲወድቅ አይፈልጉም።

ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ያለው ቀረጥ ብቻውን ይህን ዕዳ አይሸከምም። መሬት ላይ ግብር መጣል ደግሞ አገር ያስነሳል ተብሎ ተፈራ። አረቄ የቅንጦት ነገር ነው፣ ቢወደድ የሚጎዳ የለም፣ እንዲያውም ስካር ይቀንሳል ተባለ። ይህን ያሉት ፊላደልፊያና ኒውዮርክ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፦ ዋና ከተማው ዛሬ ያለበት ፖቶማክ ዳር የመጣው በዚሁ የዕዳ ድርድር ነው። በ1790 ደቡቦቹ የዕዳውን ርክክብ ላለማደናቀፍ ተስማሙ፤ በምላሹ ከተማው ወደ እነሱ ቀረበ።

ገበሬዎቹ የተቆጡት መጠጥ ስለተወደደባቸው ነው?

አይደለም። ይህ በጊዜው ባለሥልጣናቱ ያስወሩት ነው፣ እስካሁንም አልለቀቀም። መጠጣቱንስ ይጠጡ ነበር፤ ቁጣው ግን ከገበያ ነው የመጣው።

አንድ የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬ ራይ የሚሉትን ስንዴ መሳይ እህል አምርቷል እንበል። የሚገዛው ሰው ከተራራው በስተምሥራቅ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጋሪ የማያሳልፍ ነው፣ የሚቻለው በጋማ ከብት ብቻ ነው። አንድ ፈረስ በእህልነቱ የሚሸከምለት ወደ አንድ ኩንታል ገደማ ነው፤ ምሥራቅ እስኪደርስ የጉዞው ወጪ ዋጋውን ይበላዋል። ያንኑ እህል አረቄ ቢያወጣበት ግን በፈረሱ ግራና ቀኝ በሚንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ በርሜሎች ወደ ስድስት ኩንታል የሚጠጋ እህል ይጓዛል። አይነቅዝም፣ አይሻግትም፣ ሲቆይም ዋጋው አይወርድም።

ወደ ምዕራብ በወንዝ አውርዶ መሸጥም አይቻልም ነበር። የሚሲሲፒን አፍ፣ ኒው ኦርሊንስን የያዘችው ስፔን ስትሆን፣ ለአሜሪካውያን በስምምነት የከፈተችው በ1795 ነው።

ሌላው ጉዳይ፣ እዚያ አገር ጥሬ ገንዘብ የለም። ውስኪው ራሱ ገንዘብ ነው፤ የቀን ሠራተኛ በውስኪ ይከፈላል፣ ከሱቅ ጨው በውስኪ ይገዛል። ግብሩ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚከፈለው። ለአንድ ደሃ ቤት ይህ ከሌለው ነገር ላይ ክፈል እንደ ማለት ነው።

ግብሩ ስንት ነበር?

በገጠር ላለ ማውጫ ሁለት አማራጭ ነበር፦ በዓመት በማውጫ ጋኑ የመያዝ አቅም በአንድ ጋሎን 60 ሳንቲም፣ ወይም በወጣው መጠን በጋሎን 9 ሳንቲም። በ1792 ተመኑ ትንሽ ዝቅ ተደርጓል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ተንኮል ያለው። የመጀመሪያው አማራጭ እኛ ቁርጥ ግብር የምንለው ዓይነት ነው፤ ጋኑ ቢሠራም ባይሠራም የተቆረጠውን ትከፍላለህ። ዓመቱን ሙሉ እያንደደ የሚያወጣ ትልቅ ነጋዴ ቁርጡን ከፍሎ ብዙ ስለሚያመርት፣ በጋሎን ሲሰላ የሚደርስበት ከ9 ሳንቲም በታች ይወርዳል። ከአዝመራ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚያወጣው ገበሬ በቁርጡ ይጎዳል፣ በጋሎን ቢከፍልም 9 ሳንቲሙ አይቀርለትም። ምዕራብ ላይ አንድ ጋሎን ውስኪ 25 ሳንቲም ገደማ ሲያወጣ፣ ከዚያ ላይ 9 ሳንቲም ማለት ከዋጋው ሲሶ በላይ ነው። ምሥራቅ ያለው ነጋዴ ግን እጥፍ ዋጋ ስለሚሸጥ ግብሩ ብዙም አይከብደውም።

ሌላስ ያስቆጣቸው ነገር?

ፍርድ ቤቱ። በዚህ ሕግ የተከሰሰ ሰው የሚቀርበው ፊላደልፊያ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነበር፤ የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ከተማ ከሆነችው ከፒትስበርግ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሄዶ መመለስ ብቻውን፣ ቢፈረድለት እንኳ፣ አዝመራውን ያበላሽበታል። ኮንግረስ በጁን 1794 ጉዳዩ በአካባቢ ፍርድ ቤት እንዲታይ ፈቀደ። ነገር ግን ቀደም ብሎ ለ60 ለሚያህሉ አረቄ አውጪዎች በአሮጌው ሕግ መጥሪያ ወጥቶ ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ ሳለ ፊላደልፊያ ቅረቡ የሚል ወረቀት ሲደርሳቸው ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

ያለ ውክልና ግብር አንከፍልም ብለው እንግሊዝን ያባረሩት እነዚሁ አይደሉም?

ናቸው። ብዙዎቹ የነጻነት ጦርነቱ ዘማቾች ነበሩ፣ ራሳቸውን የሚያዩትም ያንኑ ትግል እንደቀጠሉ አድርገው ነው። የመንግሥት ወገን መልሱ ግልጽ ነበር፤ ያኔ ፓርላማ ውስጥ ሰው አልነበራችሁም፣ አሁን ኮንግረስ ውስጥ የመረጣችሁት ሰው አለ፤ ሕጉ ካልተዋጠላችሁ በምርጫ አስቀይሩት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መልሱ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ውክልናው በወረቀት ላይ ነበር። ከተራራው ማዶ ያለው ሰው ድምፁ አናሳ ነው፣ ጋዜጣው ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ መንግሥት የሚባለውን የሚያየውም ግብር ሲጠየቅ ብቻ ነው። ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር በነበረው ጦርነት መንግሥት ያደረገልን ጥበቃ የለም የሚለው ቅሬታም ነበር።

ተቃውሞው እንዴት ተጀመረ?

በደንቡ። ተሰበሰቡ፣ ተወካይ መረጡ፣ አቤቱታ ጽፈው ለኮንግረስ ላኩ። ጎን ለጎን ግን ሌላው መንገድ ተከፈተ። በሴፕቴምበር 1791 ሮበርት ጆንሰን የሚባል ግብር ሰብሳቢ ዋሽንግተን በሚባለው የፔንሲልቬንያ አውራጃ መንገድ ላይ ተያዘ። ያዦቹ የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ፀጉሩን ላጩት፣ ሬንጅ ቀብተው ላባ አለበሱት፣ ፈረሱን ወስደው ጫካ ውስጥ ትተውት ሄዱ። ለአጥቂዎቹ የፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ እንዲያደርስ የተላከው አንድ ከብት ነጂ ሽማግሌም ተገርፎ ያው ዕጣ ደረሰው። ከዚያ ወዲያ መጥሪያ የሚያደርስ ሰው ማግኘት ከባድ ሆነ።

ጉዳቱ በሰብሳቢዎቹ ብቻ አልቆመም። ሕጉን አክብሮ ጋኑን ያስመዘገበ ጎረቤትም ይቀጣል። በሌሊት መጥተው የመዳብ ጋኑን በጥይት ይበሱታል፤ ይህንንም «ጠገንነው» ይሉታል። ማስፈራሪያ ደብዳቤዎቹ የሚፈረሙት «ቶም ጠጋኙ» በሚል ስም ነበር። ቶም ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ምናልባት ብዙ ሰው ነው። ስለ ገበሬ አመጽ ሲወራ ይህ ክፍል ይዘለላል። ከባዱን ጫና ያየው ብዙ ጊዜ መክፈል የፈለገው ደሃ ጎረቤት ነው።

በጁላይ 1794 ምን ሆነ?

የፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚው (ማርሻል) ዴቪድ ሌኖክስ መጥሪያዎቹን ይዞ ከፊላደልፊያ መጣ። መንገድ የሚመራው የአካባቢው የግብር ኃላፊ ጄኔራል ጆን ኔቪል ነው። ኔቪል ትልቅ ባለመሬት፣ የባሪያ ጌታ፣ የጦርነቱ ጀግና ነው። ቀደም ሲል በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሳለ ይህን መሰል ግብር ይቃወም ነበር፤ ሹመቱን ሲያገኝ ዞረ። ሕዝቡ ከሕጉ ይልቅ እሱን የጠላው ለዚህ ነው።

ጁላይ 15 ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ ቤት ደርሰው መጥሪያ ሰጡት። ገበሬው ተቆጣ፤ ዙሪያው አጨዳ ላይ የነበሩ ሰዎች ተሰበሰቡ፣ ተኩስ ተሰማ፣ የተመታ ግን አልነበረም። ማግስቱን ንጋት ላይ 30 የሚያህሉ ሰዎች ባወር ሂል የሚባለውን የኔቪልን ቤት ከበቡ። ኔቪል ከውስጥ ተኩሶ ኦሊቨር ሚለርን መታው፤ ሰውዬው ሞተ። ባሪያዎቹም ከጎን ተኮሱ፣ ከባቢዎቹ ቁስለኛቸውን ይዘው ሸሹ።

ጁላይ 17 ወደ 500 የሚሆኑ ተመለሱ። መሪያቸው የነጻነት ጦርነቱ ዘማች ጄምስ ማክፋርሌን ነው። ቤቱ ውስጥ ከፒትስበርግ ምሽግ የመጡ ጥቂት ወታደሮች ነበሩ፤ ኔቪል ግን ቀደም ብሎ አጠገቡ ወዳለ ሸለቆ ሾልኮ ተደብቋል። ሴቶችና ሕፃናት እንዲወጡ ተፈቀደ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ተታኮሱ። መሐል ላይ ማክፋርሌን ከቤቱ ውስጥ ተኩስ አቁሙ የተባለ መስሎት ከተጠለለበት ወጣ፤ ያኔ ተመትቶ ወደቀ። ሰዎቹ ተከዳን አሉ። ጎተራውንም ዋናውን ቤትም አቃጠሉት፣ ወታደሮቹ እጅ ሰጡ።

ኦገስት 1 ደግሞ 7 ሺህ ያህል ሰው ከፒትስበርግ ውጭ ብራዶክ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። አብዛኛው ጋን የሌለው፣ መሬትም የሌለው ድሃ ነው፤ ቁጣው ከውስኪ አልፎ ወደ ሀብታም ዞሯል። የፈረንሳይ አብዮት ወሬ ትኩስ ነበርና አንገት መቁረጫውን ጊሎቲን የሚያነሳም አልጠፋም። ጠበቃው ዴቪድ ብራድፎርድ በፈረስ ላይ ሆኖ እንደ ጄኔራል ይዞር ነበር። የፒትስበርግ ሰዎች ብልህ ናቸው፤ ሰልፈኛው የሚጠላቸውን ጥቂት ሰዎች ከከተማ አስወጥተው፣ ለሰልፈኛው ምግብና ውስኪ አቀረቡ፣ ሰልፉ ከተማውን አቋርጦ አለፈ።

ዋሽንግተን ወዲያው ጦር ያልላከው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ ጦር አልነበረውም። ያለው ትንሽ መደበኛ ሠራዊት ኦሃዮ ምድር ከነባር ሕዝቦች ጋር እየተዋጋ ነው። ሚሊሻ መጥራት ደግሞ በ1792 ሕግ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አንድ የፌዴራል ዳኛ «በፍርድ ቤት ኃይል ሕጉን ማስፈጸም አልተቻለም» ብሎ ማረጋገጥ አለበት። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ጄምስ ዊልሰን ኦገስት 4 ይህን ጻፈ። ዋሽንግተን ኦገስት 7 ወደየቤታችሁ ተበተኑ የሚል አዋጅ አወጣ፣ ሦስት አደራዳሪዎችም ላከ። ለሕጉ የሚገዛ ሁሉ ምሕረት ያገኛል፣ ፈርሙ ተባለ። ብዙዎች ፈረሙ፤ ከስዊዘርላንድ የመጣው ስደተኛ አልበርት ጋላቲን አጉል ጀግንነት ይቅር ብሎ ሕዝብ ፊት የተናገረው በዚህ ጊዜ ነው። ግን በቂ አልሆነም ተብሎ ሴፕቴምበር 25 ክተቱ ታወጀ።

የሃሚልተን ፍላጎት ከመጀመሪያውም ጦር ነበር ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ የጻፋቸው ደብዳቤዎችም ያንኑ ያሳያሉ። ቢሆንም ፕሬዚዳንቱ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ወጥቶባቸዋል። አዲስ መንግሥት ሕግ ለማስከበር ሲል ራሱ ሕግ ከጣሰ ምን ይቀረዋል የሚለው ነገር ያሳስበው ነበር።

ውጊያ ተደርጓል?

አልተደረገም። 12,950 ሚሊሻ ከአራት ክፍለ ግዛቶች ተጠራ፤ ከነዚያው አንዳንድ ቦታ ምልመላውን ራሱን የተቃወሙ ነበሩ። ዋሽንግተን እስከ ቤድፎርድ አብሮ ሄዶ ተመለሰ፣ ሃሚልተን ከጦሩ ጋር ቀጠለ። በጉዞው ላይ ሁለት ሰላማዊ ሰዎች በወታደር እጅ ሞተዋል። አመጸኞቹ ተበትነዋል፤ ብራድፎርድ በወንዝ ወርዶ ስፔን ወደያዘችው ሉዊዚያና አመለጠ።

ኖቬምበር 13 ሌሊት ወታደሮቹ ቤት ለቤት ዞረው 150 ያህል ሰው ከአልጋው እያስነሱ፣ ብዙውን በግማሽ ልብሱ፣ በብርድ ነድተው አሰሩ። አብዛኛው ጥፋት ያልተገኘበት ነው፤ ምስክር ይሆናል ተብሎ የተያዘም ነበር። ያገሩ ሰው ያን ሌሊት ለረጅም ጊዜ አልረሳውም።

የተሰቀለ አለ?

የለም። 20 ያህል እስረኞች ወደ ፊላደልፊያ ተወስደው በገና ቀን በሕዝብ ፊት ተሰለፉ። በአገር ክህደት የተፈረደባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጆን ሚቼልና ፊሊፕ ዊግል። በ1795 ዋሽንግተን ሁለቱንም ማራቸው። ብራድፎርድን በ1799 ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ማረው።

ከሼይስ አመጽ ጋር አንድ ነው?

አይደለም፣ ግን የአንዱ ፍርሃት ሌላውን ወልዷል። የዳንኤል ሼይስ አመጽ በማሳቹሴትስ በ1786 እና በ1787 የተነሳ ነው። ግብርና ዕዳ መክፈል ያቃታቸው ገበሬዎች መሬታቸው እንዳይወሰድ ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። ያኔ ማዕከሉ ወታደር የሚቀጥርበት ሳንቲም ስላልነበረው የቦስተን ነጋዴዎች አዋጥተው ነው ጦር የተላከው። በዚያው ዓመት ሕገ መንግሥቱን የጻፈው ጉባኤ ሲሰበሰብ ይህ ነገር በሁሉም አእምሮ ውስጥ ነበር። በ1794 እንግዲህ ፈተናው አዲሱ ሕገ መንግሥት የሰጠው ሥልጣን መሬት ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

ግብሩስ ተሰበሰበ?

በጥቂቱ። ዘመቻው ራሱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ኬንታኪ ላይ ያለ ጦርነትና ያለ ጩኸት ዝም ብለው አልከፈሉም፤ ከሳሽ የሚሆን ዓቃቤ ሕግ እንኳ ጠፋ። በ1802 በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ጊዜ ግብሩ ተሻረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ያኔ ማን ነበር? ያ ጋላቲን።

ታዲያ ማን አሸነፈ?

መንግሥት በ1794 ኦክቶበር ላይ አሸነፈ፣ ገበሬዎቹ ጄፈርሰን ባሸነፈበት በ1800 ምርጫ። ጦሩ ያረጋገጠው ነገር ቀላል አይደለም፤ የማዕከሉ ሕግ ተራራውን ይሻገራል። ነገር ግን ዋሽንግተን ድሉን ሊያሰፋው ሲሞክር አልተሳካለትም። በኖቬምበር 1794 ለኮንግረስ ባደረገው ንግግር ጥፋቱን መንግሥትን ይተቹ በነበሩ ማኅበራት ላይ ጣለው። የኮንግረስ አባሉ ጄምስ ማዲሰን መንግሥት በሕዝብ ላይ ሳይሆን ሕዝብ በመንግሥት ላይ ነው የመተቸት ሥልጣን ያለው ብሎ ተከራከረ። ጋን መብሳት ወንጀል ነው፣ ሕጉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። ይህ መስመር እንዲለይ የረዳው ከጦሩ ይልቅ ምሕረቱና የማዲሰን ክርክር ይመስለኛል።

ከጎጃም ገበሬዎች አመጽ ጋር ይመሳሰላል?

በከፊል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመጸው በብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬት ተለክቶ ርስቴ ይወሰዳል የሚለው ስጋት ትልቁ ነው። እዚያም በሹሙ ላይ ያለው ምሬት ነገሩን አባብሶታል። መንግሥት አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሶ፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ጃንሆይም ውዝፉን ማሩ። ልዩነቱ፣ የጎጃሙ መንግሥት አዲስ አልነበረም፤ ገበሬውም ቅሬታውን የሚወስድበት ምርጫ አልነበረውም።

ዋሽንግተን ራሱ ውስኪ ያወጣ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ግን ከአመጹ በኋላ። በ1797 በስኮትላንዳዊ የእርሻ ኃላፊው ምክር ማውንት ቨርነን ላይ ጀመረ፣ በ1799 ወደ 11 ሺህ ጋሎን የሚጠጋ አውጥቷል። በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነበር፤ ሥራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ባሪያዎቹ ናቸው።

ቦታዎቹን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። የማውንት ቨርነን ማውጫ እንደገና ተሠርቶ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ ቅርብ ነው። ምዕራብ ፔንሲልቬንያ ላይ የብራድፎርድ ቤት ዋሽንግተን በምትባለው ከተማ ሙዚየም ሆኗል፣ የሚለር ቤተሰብ ቤትም ሳውዝ ፓርክ ውስጥ አለ። ባወር ሂል ግን ተቃጥሎ አልተሠራም፣ የሚታየው ምልክት ብቻ ነው። ከዲሲ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚወስድ ማደሪያ ያዙ፤ ቤቶቹ በየቀኑ አይከፈቱምና ከመነሳታችሁ በፊት ሰዓታቸውን አረጋግጡ።